መዳብ ሲወደድ ቱቦ ይቀጥናል

መዳብ በኛ ዘንድ ብዙ ክብር ያለው ብረት አይደለም። ልጅ ሳለን፣ ወርቅ ነው ተብሎ የተገዛ ቀለበት ጣት ላይ አረንጓዴ ቀለም ሲተው የሰፈር ሰው አይቶ “መዳብ ነው እኮ!” ይልና ይስቃል። ያቺ ቃል ፍርድ ነበረች፤ ይግባኝ የላትም። መርካቶ መሐል “ወርቅ ወድቆ አገኘን፣ እንካፈል” እያሉ እንግዳ ሰው የሚያሞኙ አጭበርባሪዎችም ወረቀት ጠቅልለው የሚያሳዩት እንዲሁ የተወለወለ መዳብ መሳይ ነገር ነው። መዳብ እንግዲህ ወርቅን የሚያስመስሉበት እንጂ ሌላው እሱን ለመምሰል የሚጣጣርለት ሆኖ አያውቅም ነበር።

ዘመኑ ተገለበጠ። ዛሬ መዳብ ነኝ ብሎ የሚሸጥ ሌላ ብረት አለ። ውጪው በስሱ መዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦና ቱቦ በዓለም ገበያ ላይ ሞልቷል። በስሙ ከተሸጠ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ስሙ ሲለወጥ ነው። እውነተኛው መዳብም ቢሆን ወፍራምና ቀጭን አለው፤ ለዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህንን ሁሉ የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በሕንፃችን ኮርኒስ ውስጥ አንገቴን ከትቼ ነው።

“ሕንፃችን” ስል እንዳትቀኑብኝ። ሃምሳ የምንሆን ሰዎች ለዓመታት አዋጥተን፣ ከባንክ ተበድረን የሠራነው ባለ አምስት ፎቅ ነው። የኔ ድርሻ ቢሰላ አንድ በርና ግማሽ መስኮት ቢሆን ነው። የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት ስለ ሕንፃ የማውቀው ነገር ኖሮ ሳይሆን “አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ፣ ደብዳቤ ታሳምርልናለህ” ተብዬ ነው። ደብዳቤ ማሳመር ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚህ በታች ታያላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከመስተዋቱ ነው። አርክቴክቱ ሥዕሉን ሲያመጣ ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነበር፤ ሰማያዊ፣ የሚያብለጨልጭ። ፊቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ አባት ብቻ እጃቸውን አወጡ፤ “ልጆች፣ በረንዳ የለውም እንዴ? የከሰዓት ፀሐይ እኮ ነው” አሉ። ሳቅን። በረንዳ የድሮ ሰው ነገር መሰለን። “ጋሼ፣ አሁን እኮ ዘመናዊ ነው የሚፈለገው፤ ያለ መስተዋት ተከራይ አይመጣም” አልናቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። በኛ አገር ስብሰባ ላይ ትክክል የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ዝም ማለት ነው።

አስቡት እስቲ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጋው ላይ እንኳ ጥላ ሥር ከቆሙ ሹራብ የሚያስመኝ ነፋስ አላት። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ ቢሮ ማቀዝቀዣ ቢል አንገቴን ደፍቼ እስማማለሁ፤ ድሬዳዋም እንደዚያው። የክትባት ማከማቻ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የአበባና የሥጋ ቀዝቃዛ ክፍል ያለ ማቀዝቀዣ እንደማይኖሩም ማንም ያውቃል። እኛ ግን አየሩ በነፃ የቀዘቀዘበት ከተማ ውስጥ ቁመን፣ ፀሐይን በመስተዋት አጥምደን አስገባንና እሷን ለማስወጣት መዳብ መግዛት ጀመርን። ሕንፃው ስልሳ ኤሲ ያስፈልገዋል ተባለ።

ጨረታ አወጣን። አምስት ተቋራጮች ዋጋ አቀረቡ። ዝቅተኛውን መረጥን። ለምን እንደመረጥነው ተጠይቀን ብንሆን መልሳችን አንድ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛ ስለሆነ። አሸናፊው ወጣት ነው፤ የማቀዝቀዣ ሥራ ከፍሪጅ ጥገና ተነስቶ የተማረ፣ ሦስት አራት ሠራተኞች ያሉት፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ያለው፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ። ውሉን ግንቦት 2016 ዓ.ም. ፈረምን። እንደፈረምን አንድ ነገር ለመነን፤ “ቅድመ ክፍያ ስጡኝና ቱቦውን አሁኑኑ ልግዛው” አለ። የባንክ ዋስትና አምጣ አልነው። ለባንክ የሚያሲዘው ንብረት አልነበረውም። “እሺ፣ ቱቦውን እናንተ ገዝታችሁ መጋዘን አስቀምጡልኝ፣ ከክፍያዬ ትቆርጣላችሁ” አለ። እሱንም እንቢ አልን። ለምን እንቢ እንዳልን አሁን ቃለ ጉባኤውን ባነበው ምክንያት አላገኘሁለትም። “አሠራራችን አይፈቅድም” ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። ልጁ መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ደብዳቤ ይዞ መጣ። አጭር ደብዳቤ ነበር፤ ሦስት የቱቦ ነጋዴዎች ፕሮፎርማ አያይዞ፣ ልዩነቱን በሙሉ ሳይሆን ግማሹን እንድንጋራው ይጠይቃል።

ከአባሎቻችን አንዱ የሕግ ሰው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጦ አነበበልን። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ ነው፤ ቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውል እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1794 ደግሞ ይባስ ብሎ ለሥራው የሚያስፈልግ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም ብሎ በቀጥታ ይደነግጋል። ዘጋ! ኮሚቴው ፊቱ በራ። ስድሳ ዓመት አልፎት የቆየ ሕግ ስለኛ ስልሳ ኤሲ አስቀድሞ ያሰበበት መሰለን። እኔም ያን የሚያሳምረውን ብዕሬን አንስቼ መልሱን ጻፍኩ። “የጠየቁት የዋጋ ማስተካከያ በውላችን ያልተመለከተ በመሆኑ የማንቀበለው መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን” የሚል ነው። በአክብሮት የምትለዋ ቃል ለምን እንደገባች አትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ግን ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አላነበበም። ይኸው ቁጥር 1794 የሚጀምረው፣ በግልጽ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር በሚል ነው። ሕጉ ሁለቱ ወገኖች ቁጭ ብለው፣ መዳብ ቢወደድ እንዲህ እናደርጋለን ብለው እንዲጽፉ በሩን ክፍት ትቶላቸዋል። ያቺን አንዲት መስመር እኛም አልጻፍናት፣ ልጁም አልጻፋት። እኛ ያልጻፍናት ስለሚጠቅመን ነው። እሱ ያልጻፋት ስለሚያፍር ነው። “ዋጋ ሊጨምር ይችላል ብል ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል ብዬ ነው” አለኝ በኋላ። ልክ ነው፤ እንሰጥበት ነበር።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፤ ሒሳብ የማትወዱ ሁለት አንቀጽ ዝለሉ። ባለ 18 ሺህ ቢቲዩ አንድ ኤሲ ውጭ ያለውን ሞተርና ውስጥ ያለውን ክፍል የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች አሉት፤ ባለ ሩብ ኢንችና ባለ ግማሽ ኢንች። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሁለቱ ተደምረው በአንድ ሜትር 393 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። 0.6 ቢሆን 301 ግራም። አያችሁ፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ዐሥረኛ! በዓይን የማይለይ፣ በጣት የማይዳሰስ ነገር ነው፤ ግን ከመዳቡ አንድ አራተኛ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። በስልሳ ኤሲ፣ ለእያንዳንዱ ዐሥራ አምስት ሜትር ብንይዝ፣ ወፍራሙ 354 ኪሎ ሲሆን ቀጭኑ 271 ኪሎ ነው።

ዋጋውን ደግሞ እንየው። ውሉ በተፈረመበት ግንቦት አንድ ቶን መዳብ በለንደን ገበያ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። በ57 ብር ስናባዛው ኪሎው 570 ብር ይመጣል። ልጁ ቱቦውን በገዛበት ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መዳብ በዶላር እንዲያውም ረገብ ብሎ 9,500 ገደማ ሆኖ ነበር፤ ዶላሩ ግን 115 ብር ግድም ደርሷል። ኪሎው ወደ 1,090 ብር ወጣ። ይህ የጥሬው ብረት ዋጋ ብቻ ነው፤ የፋብሪካው፣ የመርከቡ፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ አልተጨመረበትም። በሌላ በኩል ድሮም ቢሆን በ57 ብር ዶላር ከባንክ ያገኘ አስመጪ ብዙ ስላልነበር፣ የሱቁ ዋጋ የዘለለው የባንኩን ያህል ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ በብረቱ ብቻ በልጁ ላይ የተጨመረው 185 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከ0.8 ወደ 0.6 ቢወርድ የሚያድነው ደግሞ 90 ሺህ ብር ያህል። የኪሳራው ግማሽ መሆኑ ነው። እኛን የጠየቀንም ግማሹን ነበር።

ሥራው በሰዓቱ አለቀ። ተረከብን። ተቆጣጣሪው ኤሲውን አንድ በአንድ እያበራ እጁን ከፊቱ አድርጎ “ይቀዘቅዛል” አለና ፈረመ። ካሊፐር ይዞ ቱቦ የለካ ሰው የለም። እስቲ ማን ይለካል? እኛ አገር ርክክብ ማለት በቀለምና በብርሃን ነው፤ ጣሪያ ውስጥ ያለው የእግዚአብሔር ድርሻ ነው።

ዓመት ሳይሞላው ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ተከራዮች ጮኹ። “ኤሲው አይቀዘቅዝም፤ በዚያ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል።” ጋዙ ሲያልቅ እንደዚያ ነው አሉ፤ ውስጥ ያለው ክፍል በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ይወርዳል። ሌላ ባለሙያ ጠራን፤ ጋዝ ሞላ። በሁለት ወሩ ደግሞ አለቀ። ድጋሚ ሞላ። ሦስተኛው ላይ ባለሙያው ራሱ ሰለቸውና “ጋሼ፣ ገንዘባችሁን አየር ላይ ነው የምትበትኑት፤ ይምጡና ይዩ” ብሎ መሰላሉን አቆመልኝ።

ያሳየኝ ቱቦው ከነቱ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ነው። እዚያ ላይ የቱቦው አፍ እንደ መለከት ተከፍቶ በነት ይጠበቃል። ቱቦው ሲቀጥን አፉ ሲከፈት ይሰነጠቃል፤ በፀጉር ያህል። ዛሬ የሚሞላው አር-410ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከድሮው አር-22 በአንድ ተኩል እጥፍ በሚበልጥ ግፊት የሚሠራ ነው። ያን ግፊት በዚያ ስንጥቅ ማን ያቆመዋል? ጋዙ ሲወጣ ሽታ የለው፣ ጢስ የለው። አንድ ኪሎ አር-410ኤ አየሩን በማሞቅ በኩል ከ2,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ጉዳት እንዳለው የተጻፈ ነገር ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ከተማ ተነስተን ዓለምን ለማሞቅ ወጪ እያወጣን ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ አንገቴ አሁንም ኮርኒሱ ውስጥ ነበር።

ልጁን ፈለግሁት። መጀመሪያ የፈለግሁት ልሰድበው ነው፤ አልደብቅም። ፒክአፑ የለችም። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ በደመወዝ ተቀጥሯል። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን “እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?” አልኩት። ወዲያው አልካደም። ስኒውን ሲያሽከረክር ቆየና እንዲህ አለኝ፤

“ጋሼ፣ እናንተ ሕግ ጠቀሳችሁ፣ እኔ ቱቦ አቀጠንኩ። ምን ላድርግ? ጥዬ ብሄድ የውል ማስከበሪያዬን ትወስዳላችሁ። ብጨርሰው እከስራለሁ። ልጆቹን ደግሞ ደመወዝ መክፈል አለብኝ።”

“ንገረን ነበራ!”

“ነገርኳችሁ እኮ። ደብዳቤውን የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት።”

ሻዩን እኔ ከፈልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ነገር ግን ልጁን ንጹሕ አድርጌ ላሳያችሁ አልፈልግም። ኪሳራውን ችሎ ሥራውን በትክክል መጨረስ ወይም “አልችልም፣ ቅጡኝ” ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ቢያንስ ቀጭኑን ቱቦ ሲያስገባ “ይኸው፣ በዚህ ዋጋ የሚገኘው ይህ ነው” ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ይችል ነበር። ዝም ብሎ ጣሪያ ውስጥ ደበቀው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጸሐፊ፣ ውኃ ኮምፒውተሯ ላይ የሚወርድባት፣ ምን በደለችው? የውሉ ተዋዋይ እንኳ አይደለችም። ይህ ስርቆት ነው፤ ቀለል ያለ ስም ልፈልግለት ሞክሬ አላገኘሁም። የኔ ጥያቄ ግን ስርቆቱን ማን አዋለደው የሚለው ነው።

ፕሮፎርማዎቹን አውጥቼ አየኋቸው፤ እነዚያን ከደብዳቤው ጋር ያያዛቸውን። ከሦስቱ አንዱ ከግርጌው “ይህ ዋጋ ለሦስት ቀን ብቻ ያገለግላል” ይላል። ሌላው “ለዛሬ ብቻ” ይላል። ነጋዴው ያውቅበታል! ዋጋው እንደ ወተት ውሎ እንደሚበላሽ አውቆ ቀኑን ጽፎበታል። አስመጪውም ያውቅበታል፣ ለንደን ያለው ገበያማ ዋጋውን በየደቂቃው ነው የሚቀይረው። ከለንደን እስከ መርካቶ ባለው ሰንሰለት ላይ ዋጋው ቀን የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኤሲውን የሚገጥመው ተቋራጭ። ለኛ የሰጠን ዋጋ ግንቦት ላይ ተፈርሞ እስከ ሕንፃው ርክክብ ይጸናል። የዓለም ሁሉ ንዝረት ተጠራቅሞ እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እሱ ደግሞ የሚያስተላልፍበት ቦታ አጥቶ ወደ ቱቦው ግድግዳ ያስተላልፈዋል።

“ድንገተኛ ነው፣ ማን ያውቃል” የሚል ሰበብም አይሠራም። መዳብ ጠባዩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ቶኑ 1,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2006 ከ8,000 በላይ ወጣ፤ በ2008 ማብቂያ ላይ ከ3,000 በታች ወደቀ፤ በ2011 መጀመሪያ 10 ሺህን ረገጠ። እንዲህ የሚዘል ዕቃ ላይ ቋሚ ዋጋ የሚፈርም ሰው ወይ ቁማርተኛ ነው ወይ ሌላ አማራጭ የለውም። ዋጋውን ቋሚ አድርግ ብሎ የሚያስፈርመውስ? ቨርጂኒያ የሚኖር በዚሁ ሙያ የሚተዳደር የአክስቴ ልጅ አለ። ባለፈው ስንደዋወል እሱም መዳብ መዳብ ሲል ነው ያመሸው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ የመዳብ ቱቦና ሽቦ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ ጥላለች። “ታዲያ እንዴት ትሠራለህ?” ብለው “ዋጋ ስሰጥ ቀን እጽፍበታለሁ፤ ካለፈ እንደገና እንነጋገራለን፤ ደንበኛውም አይከፋውም” አለኝ። አይከፋውም! እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለ ሰው “ከአሁኑ ሊጨምርብን ነው” ተብሎ በር ላይ ይመለሳል። በሰርግና በዕድር ላይ የምናውቃት ይሉኝታ ጨረታ ውስጥም ገብታ ተቀምጣለች፤ ስለ ገንዘብ አስቀድሞ መነጋገር ነውር፣ በኋላ መካሰስ ግን ወግ።

አሁን የጥገናው ነገር መጣ። ቱቦው በሙሉ ይቀየር ተባለ። ባለሙያው ዋጋ ሲነግረን ሊቀ መንበራችን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መዳብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ቶኑ 12 ሺህ ዶላርን አልፏል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግራስበርግ የሚባለው ታላቅ ማዕድን በመስከረም 2025 በጭቃ ናዳ ሥራው ተስተጓጉሏል፤ የፓናማው ትልቅ ማዕድን ከ2023 መጨረሻ አንስቶ ማምረት አቁሟል፤ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ የመብራት መስመሩ፣ የኮምፒውተር ማዕከሉ ሁሉ መዳብ ይላል። ከቺሊ ቀጥላ በዓለም ብዙ መዳብ የምታወጣው የኛው አህጉር ኮንጎ ናት። ግን ከኮንጎ የወጣው መዳብ ወደ እኛ በቀጥታ አይመጣም፤ ባሕር ተሻግሮ ቻይና ሄዶ፣ ቱቦ ሆኖ ተጠቅልሎ፣ እንደገና ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ በኩል ይመለሳል። በ150 ብር ግድም ስታባዙት የኪሎው ጥሬ ብረት 1,800 ብር ነው። 354 ኪሎው ወደ 637 ሺህ ብር ይጠጋል። ልጁ በጠየቀን ጊዜ ግማሹን ብንጋራው ኖሮ በብረቱ ከኛ የሚወጣው 92 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ይህንን ቁጥር ለኮሚቴው ሳቀርብ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

በዚህ ላይ ጥበቃችን ሌላ ዜና ይዞ መጣ። ሰገነት ላይ ካሉት ሞተሮች የሁለቱ ቱቦ በመጋዝ ተቆርጦ ተወስዷል። ጠዋት በሰፈሩ “ቁራሌው!” እያለ የሚያልፈው ልጅ ላይ ነው መጀመሪያ የተጮኸው፤ ምስኪኑ አሮጌ ጫማና የዘይት ጀሪካን ብቻ ይዞ ተገኘ። የስልክና የመብራት ኬብል፣ የባቡሩም ሳይቀር፣ እየተቆረጠ ሲሸጥ በዜና ሰምተናል፤ ሌባውን ረግመናል። ልክ ነው፣ ይረገም። ነገር ግን ሰገነት ላይ በመጋዝ የቆረጠው ሌባ የወሰደው ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ኮርኒሱ ውስጥ በወረቀትና በፊርማ የጎደለው 83 ኪሎ ነው። ፖሊስ የጠራነው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን የጨረታ ማስታወቂያ ረቂቅ ይዤ ቀረብኩ። ሁለት ነገር ጨመርኩበት። አንደኛ፣ የቱቦው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፎ በርክክብ ጊዜ በካሊፐር ይለካል። ሁለተኛ፣ የመዳብ ዋጋ ውሉ ሲፈረም ከነበረው ከተወሰነ መጠን በላይ ከወጣ ወይም ከወረደ ሁለቱ ወገኖች ልዩነቱን ይጋራሉ። የመጀመሪያው ያለ ክርክር አለፈ። ሁለተኛው ላይ የሕግ ሰዉ ጉሮሮውን ጠረገ። “ይህ ለኛ አይበጅም። እያለን ለምን በር እንከፍታለን?” አለ። “ሲወርድስ እኛም እናገኛለን እኮ” አልኩ። “መቼ ወርዶ ያውቃል?” አለኝ። በ2008 አልኩ። ሳቁብኝ።

ያኔ እነዚያ ጡረታ የወጡት አባት እጃቸውን አወጡ። ስለ መዳቡም ስለ ውሉም አልተናገሩም። “እኔ የምለው፣ ከውጭ በኩል በምዕራብ መስተዋቱ ላይ ጥላ የሚሆን ነገር ብንሠራና መስኮቶቹ እንዲከፈቱ ብናደርግ ከስልሳው ስንቱ ኤሲ ይቀራል? ይህን ያሰላ ሰው አለ?” ብለው ጠየቁ። በዚህኛው ስብሰባ የሳቀ አልነበረም። ያሰላም ግን አልነበረም።

አርክቴክቱ ተጠርቶ እንዲያስረዳ ተወሰነ፤ የዋጋ ማስተካከያዋ መስመር ድምፅ ይሰጥባት ተባለ። ቆጥሬያለሁ፤ አራት ለሦስት እንሸነፋለን ብዬ እፈራለሁ። ሊቀ መንበሩ ወደ አንዱ ወገን ካዘነበለ ግን ይለወጣል፤ እሳቸውን ለማሳመን ነገ ከሥራ በኋላ ቀጥሬያቸዋለሁ። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው።